ሱቄ ውስጥ ነዳጅ ያልነካው ዕቃ ላገኘ ለስላሳ በእኔ ሒሳብ

ባለሱቁ_አራዳ | እሑድ ከቀኑ 9፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ሱቄ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ላይ ሲወጣ ነው። ጎረቤቱ ከተነሣ ወዲህ እሑድ ከሰዓት ዝንብ ነው የማባርረው፤ ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብዬ ዕቃ ቆጠርኩ። ለግብር አይደለም፣ አትደንግጡ።

ያስጀመረኝ አንድ ደንበኛዬ ነው። ትናንት አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ መጣና በሩ ላይ አቆማት። «ከእንግዲህ እኔና ነዳጅ ተፋተናል» አለኝ። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት፣ ከልቤ ነው። ከዚያ ሁለት ሃይላንድ ውኃ፣ ኦሞ፣ ዳይፐር፣ ማስቲካ ገዝቶ በፌስታል አንጠልጥሎ ሄደ። እንዲህ ያለ ፍቺ አይቼ አላውቅም።

ፕላስቲክ ከነዳጅ እንደሚሠራ ማንም ያውቃል፤ ባልዲ፣ ማንጠልጠያ፣ ሃይላንድ አትበሉኝ። እኔን ያስደነገጠኝ ፕላስቲክ የማይመስለው ነው። ማታ ስልኬን ይዤ ሳነብ አመሸሁ። ማስቲካ ስኳሩ ሲያልቅ አፋችሁ ውስጥ የሚቀረው ነገር የጎማ ዘመድ ነው፤ ፖሊአይሶቡቲሊን ይሉታል፣ ከፔትሮሊየም ነው የሚወጣው። ኦሞ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያስለቅቀው ኬሚካል አንዱ መነሻው ላምባ ነው። ቫዝሊንን ዕድሜ ልኬን ተቀብቼዋለሁ፤ ለካ ቼስብሮ የሚባል አሜሪካዊ፣ የነዳጅ ጉድጓድ ሠራተኞች ከመቆፈሪያው ላይ እየጠረጉ የሚጥሉትን ዝቃጭ አጣርቶ በ1872 እ.ኤ.አ. በስሙ ያስመዘገበው ነው። (ሰውየው በየቀኑ አንድ ማንኪያ ይውጥ ነበር ይባላል። አትሞክሩት።) ክብሪት እንኳ! እንጨቷ ፓራፊን ባትነከር እሳቱ ጫፏ ላይ ጭስ ብሎ ይቀር ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ገባኝ። «ነዳጅ» ስንል የሚነድ ነገር ማለታችን ነው። ስሙ ነው የሸወደን። ሱቄ ውስጥ የተደረደረው ነዳጅ ግን አብዛኛው ነዶ አያውቅም።

ውርርዱ ይኸው። ሱቄ ውስጥ ነዳጅ ያልነካው ዕቃ አንድ ጥሩልኝ። ዕቃው፣ መጠቅለያው፣ የመጣበት መኪና፣ ሁሉም ይቆጠራል። ላሸነፈ አንድ ቀዝቃዛ ለስላሳ፣ በጠርሙስ።

ጣሊያን_ሰፈር | እሑድ 9፡52

ዕንቁላል። ሚሪንዳ ይሁንልኝ።

ባለሱቁ_አራዳ | እሑድ 9፡55

ዕንቁላሏ ከቢሾፍቱ በአይሱዙ ነው የመጣችው። አይሱዙው ናፍጣውን ጠጥቷል፣ አንተ ሚሪንዳውን አትጠጣም። ቀጥሎ።

ጣሊያን_ሰፈር | እሑድ 9፡58

መኪና ከተቆጠረማ ጨዋታው ፈረሰ። እንደዚያ ከሆነ አንተም ነዳጅ ነክቶሃል፣ በታክሲ ነው የምትመጣው።

አራት_ኪሎ_ኬሚስት | እሑድ 10፡20

መኪናውን ብንተወው እንኳ ዕንቁላሏ አታልፍም። ዶሮዋ የለቀመችው በቆሎ ዩሪያ የጠጣ ነው። ዩሪያ የሚሠራው ከአየር ላይ ናይትሮጅን፣ በአብዛኛው ደግሞ ከተፈጥሮ ጋዝ ሃይድሮጅን ተወስዶ ነው። ስለዚህ በጥብቅ እንነጋገር ካልን ዩሪያ የጋዝ ልጅ ነው እንጂ የድፍድፍ ነዳጅ አይደለም። ኤንፒኤስ የምንለው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ድኝ ግን በብዛት የሚገኘው ነዳጅና ጋዝ ሲጣራ ነው። ሁሉንም ከውጭ ነው የምናስገባው። በ2014 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ማዳበሪያ የት እንደደረሰ ገጠር ዘመድ ያለው ሰው ያስታውሰዋል። ዳንጎቴ ጎዴ ላይ ሊያቋቁመው በነሐሴ 2017 የተፈራረመው የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ፋብሪካ ሲያልቅ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ያመርታል ተብሏል፤ ጥሬ ዕቃው የራሳችን የካሉብና የሂላላ ጋዝ ነው። ያም ቢሆን ዶሮዋን ከጋዝ አያላቅቃትም፣ ጋዙን አገርኛ ያደርገዋል እንጂ።

ባለሱቁ ቃል ስላነሣ እኔም አንድ ልጨምር። ከረጢቱን ራሱን «ማዳበሪያ» ነው የምንለው። «አንድ ማዳበሪያ ከሰል»፣ «ልብሱን በማዳበሪያ ቋጥረው»። ድሮ ጆንያ የቃጫ ነበር፤ ይኼኛው ማዳበሪያ ይዞ ስለመጣ ስሙን ወርሶ ቀረ። ክሩ ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ማለትም ነዳጅ። እንግዲህ ከጋዝ የተሠራው ማዳበሪያ ከነዳጅ በተሠራው ማዳበሪያ ታጭቆ በናፍጣ ተጎትቶ ይገባል። ውስጡ ያለው አንድ ክረምት መሬት ላይ ተዘርቶ ያልቃል። ከረጢቱ ግን ጤፍ ይጫንበታል፣ ከዚያ ከሰል፣ ከዚያ ቆራሌው ይሸከምበታል፣ ከዚያ የቤት ጣሪያ ቀዳዳ ይደፈንበታል። በዋናው ሥራው ሳይሆን በትርፍ ሥራው ነው የምናውቀው።

የነዳጅን ርካሽነትም በቁጥር ላስቀምጥ። አንድ ሊትር ናፍጣ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ጉልበት አለው። ጠንካራ የቀን ሠራተኛ ከጠዋት እስከ ማታ አካፋ ቢይዝ አንድ ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። ሞተሩ ሁለት ሦስተኛውን በሙቀት ቢያባክነው እንኳ አንድ ሊትር የበርካታ ሰዎችን የቀን ላብ ይተካል። በርሜሉ 159 ሊትር ነው፤ በ70 ዶላር ሲሸጥ ሊትሩ 44 የዶላር ሳንቲም ገደማ ይሆናል። በዚህ ዋጋ ላብ የሚሸጥ ሰው የለም።

ቃልኪዳን_23 | እሑድ 11፡05

ሻማ! በወር በወሩ በ23 ለጊዮርጊስ የምገዛው ካንተ ነው። ለቤተ ክርስቲያን የሚበራ ነገር ነዳጅ አይሆንም።

የድሮ_ፒያሳ | እሑድ 11፡30

ልጄ፣ እሱ ጧፍ ቢሆን ኖሮ ታሸንፊ ነበር። ጧፍ ፈትል በንብ ሰም ተነክሮ ነው፤ እናቴ እቤት ስትነክር እጇ ማር ማር ይሸት ነበር። ሱቅ የሚሸጠው ነጩ ሻማ ፓራፊን ነው፣ ድፍድፍ ሲጣራ የሚወጣ ሰም። ሽታውም ያስታውቃል። ስለቱ ግን ይደርሳል፣ አትጨነቂ።

ቃልኪዳን_23 | እሑድ 11፡34

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ግን አሁን ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።

ዶላር_ተመን | እሑድ ምሽት 1፡10

ይቅርታ፣ ደስ የሚል ጨዋታ ነው ግን ተጋነነ። አንድ ፌስታል ውስጥ ያለው ነዳጅ በዋጋው ውስጥ ኢምንት ነው። ዕቃ ያስወደደው ነዳጅ ሳይሆን ብር ነው። ሐምሌ 22፣ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። ኤሌክትሪካችን ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው፤ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 2017 ተመርቋል። ከጥር 2016 ጀምሮ የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት ቆሟል። ከነዳጅ እየወጣን ነው። የባለሱቁ ደንበኛ አልተሳሳተም።

ጋላፊ_መስመር | እሑድ ምሽት 2፡45

ሚሌ ላይ ነኝ፣ ሻይ ይዤ ነው የማነባችሁ። ወንድሜ ዶላር_ተመን፣ ናፍጣው በምን የሚገዛ መሰለህ? ሁለቱን ለያይተህ አንዱን ንጹሕ አታወጣውም። ሐምሌ 2014 ናፍጣ 49 ብር ነበር፤ ታኅሣሥ 30፣ 2017 ላይ 98.98 ገባ። ብሩ ወደቀ በል፣ ድጎማው ተነሣ በል፣ እኔ ማደያ ቆሜ የማየው አንድ ቁጥር ነው። ኪራይ ጨመርኩ። አስጫኙ አስመጪውን፣ አስመጪው የመርካቶ ጅምላ ሻጩን፣ ጅምላ ሻጩ ባለሱቁን አስከፈለ። መጨረሻ ላይ ያለው ሰው መኪና የለውም፣ ማደያ ገብቶ አያውቅም፣ ሳሙና ነው የገዛው።

የኤሌክትሪክ መኪናውን በተመለከተ፦ እኔም ቢኖረኝ ደስ ይለኛል። ግን ሰውየው የሚሄደው በምን ላይ ነው? አስፋልቱ ሬንጅ ነው፤ ሬንጅ ደግሞ ነዳጁ ተነጥሮ ተነጥሮ ከሥር የሚቀረው አተላ ነው። ጎማውስ? የእኔ መኪና ከነተሳቢው 22 ጎማ አላት። ውስጡ ያለው ሰው ሠራሽ ጎማ ከነዳጅ፣ ጥቁር ያደረገው ጥላሸትም ከነዳጅ። አፋር በረሃ ላይ አስፋልቱ ሲግል ነዳጅ ነዳጅን ሲልጥ ይውላል፣ ሽታውን የማውቀው እኔ ነኝ። ያለቀው ጎማ ደግሞ አዲስ አበባ ይገባና ምናለሽ ተራ ላይ በረባሶ ሆኖ ይወጣል። አባቴ አራት ዓመት ያደረገው በረባሶ ነበረው፣ ከቆዳ ጫማ ይበልጥ ያምነው ነበር።

ማዳበሪያ የሚገባበት ወቅት ሲመጣ ደግሞ ጂቡቲ ወደብ ላይ ሌላው ጭነት ቆሞ ይጠብቃል። ክረምት ማንንም አይጠብቅማ። እኔ ያኔ ስጭን «ዳቦ ጫንኩ» ነው የምለው። መንገድ ልጀምር፣ ሎጊያን በሌሊት ነው የማልፋት።

ዶላር_ተመን | እሑድ ምሽት 3፡02

ማደያው ላይ አንድ ቁጥር ነው ያልከው ገብቶኛል። በሰላም ግባ።

ሲስተር_ሌሊት | እሑድ ምሽት 4፡30

ተረኛ ነኝ፣ ክፍሉ ለጊዜው ፀጥ ብሏል። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልናገርም። አጠገቤ ያለችው ጋሪ ላይ ያለውን ላንብብላችሁ፦ ሲሪንጅ፣ የግሉኮስ ከረጢት ከነቱቦው፣ ጓንት፣ ካቴተር፣ የሽንት ከረጢት፣ ፕላስተር፣ የኦክስጅን ጭንብል። ፓራሲታሞሉ ራሱ ሲጀመር ከፌኖል፣ ፌኖሉ ደግሞ ከነዳጅ የሚነሣ ነው። ከዚህ ጋሪ ላይ ነዳጅ የሆነውን ብታነሡ ጥጡ፣ መርፌዋና ጋሪው ይቀራሉ። የጋሪው እግር ደግሞ ጎማ ነው።

ግን እዚህ ክር ላይ እንደ ሐሜት ስትጽፉት ከነከነኝ። ያሠለጠነችኝ ሲስተር የመስታወት ሲሪንጅ እየቀቀሉ ለሌላ ሰው የሚደግሙበትን ዘመን ደርሳበታለች። አንዱ በደንብ ሳይቀቀል ያመለጠ ቀን ጉበት ነው፣ ኤች አይ ቪ ነው። አንድ ጊዜ ተወግቶ የሚጣል ነገር የተቻለው ርካሽ ስለሆነ ነው። ጓንት አልቆብን በፈረቃ የተካፈልንበት ሳምንት ነበር። ያን ሳምንት ስለ ፕላስቲክ መጥፎነት የሚያወራ ሰው ቢመጣ አባርረው ነበር።

የጉለሌዋ | ሰኞ ጠዋት 1፡20

ሲስተር፣ እጅሽ ይባረክ። እኔም ያንኑ ልል ነበር፣ ግን በጀሪካን በኩል።

እናቴ ውኃ የምትቀዳው በእንስራ ነበር። እንስራው ባዶውን ይከብዳል፤ ውኃው ሲጨመርበት ጀርባዋ ላይ ሆኖ ቁልቁለቱን ስትወርድ አንገቷ ብቻ ነው የሚታየኝ። እኔ ስምንት ዓመቴ ሲሆን እንድሞክር ሰጠችኝ፣ አዳልጦኝ ሰበርኩት። የተገረፍኩትን አሁንም ቦታውን አሳያችኋለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቢጫው የዘይት ጀሪካን መጣ። ቢወድቅ አይሰበርም። ባዶውን በአንድ ጣት ይንጠለጠላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውኃ የልጆች ሥራ ሆነ፣ እናቴም ቀና ብላ ሄደች። ይኼ በረከት ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ አሁን ሳስበው እኔ ነኝ የተጫንኩት። እንስራ ለልጅ አይሰጥም ነበር፣ ጀሪካን ግን ለልጅ ይሰጣል። የእንስራ ሠሪዋስ የት ገባች? ገበያዋን ያጣችው ያኔ ነው።

አራት_ኪሎ_ኬሚስት | ሰኞ 2፡05

ጀሪካን ላይ አንድ ጨዋታ፦ መጀመሪያ የጀርመን ጦር በብረት የሠራው የቤንዚን መያዣ ነው። እንግሊዞች ጀርመኑን በቅጽል «ጄሪ» ይሉት ስለነበር «የጄሪ ጣሳ» አሉት። ነዳጅ ሊይዝ የተሠራ ዕቃ በኋላ ራሱ ከነዳጅ ተሠራ፣ ውኃ ሊይዝ።

የድሮ_ፒያሳ | ሰኞ 3፡40

ሌሊቱን ያላችሁትን አሁን አነበብኩ። ወጣቶቹ ነዳጅ የመኪና ጉዳይ ብቻ ሆኖ የማያውቅ መሆኑን አዲስ ነገር አደረጋችሁት። እኔ በየካቲት 66 ፒያሳ ነበርኩ።

በ1973 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ዓረቦቹ ነዳጅ አገዱ፣ በርሜሉ ከሦስት ዶላር ገደማ ተነሥቶ አሥራ ሁለት ሊደርስ ሆነ። እዚህ መንግሥት የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ጨመረ። የካቲት 11 ታክሲዎቹ ቆሙ። ያኔ ታክሲ ማለት ሰማያዊና ነጭ ሰይቼንቶ ነው፣ ከማዘጋጃ ቤት እስከ ጊዮርጊስ አንድ አይታይም። አስተማሪዎችም በዚያው ቀን ሥራ አቆሙ። ልጆች ድንጋይ ያዙ። መንግሥት ጭማሪውን ቀነሰ፣ ግን ነገሩ ከእጅ ወጥቶ ነበር፤ ከታክሲው ማቆም በኋላ አሥር ቀን ሳይሞላ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ለቀቀ። የቀረውን ታውቁታላችሁ። የወሎው ረሃብ አለ፣ የመሬት ጥያቄ አለ፣ ወታደሩ አለ፣ ሁሉም አለ። ግን ጠዋት ከቤት ስንወጣ መጀመሪያ ያጣነው ታክሲ ነው።

ለመሆኑ አሰብ ማጣሪያ እንደነበረን የሚያስታውስ አለ? ሶቪየቶች የሠሩልን። በ1997 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ሬንጁም ላምባውም ከዚያ ይመጣ ነበር።

ባለሱቁ_አራዳ | ሰኞ 4፡15

ጋሼ፣ እርስዎ ሲመጡ ወንበር አለኝ፣ እዚሁ ይንገሩን።

ላምባ ሲሉ ትዝ አለኝ። ስንት ቤት ነው በላምባ ምድጃ ያደገው? የላምባ ዋጋ ከናፍጣ እኩል ሲደረግ፣ ነጋዴ እየቀላቀለ እንዳይሸጥ ነው አሉን። ትክክል ሊሆን ይችላል። የደንበኞቼ እናቶች ግን ወደ ከሰል ተመለሱ፣ ከሰሉ ደግሞ በ«ማዳበሪያ» ነው የሚመጣው። ኬሚስቱ ከነገረኝ ወዲህ ቃሉን ስናገር አፌን ያዝ ያደርገኛል።

ፌስታልንም ላንሣ፣ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ። በ2017 የወጣውን ፌስታል የሚከለክል አዋጅ አውቃለሁ፣ እኔም ደግፌዋለሁ። ግን ምትኩ ምንድን ነው? ደንበኛ «ያቺን የጨርቅ ቦርሳ ስጠኝ» ይለኛል። ጨርቅ አይደለችም! ክብሪት ጫሩባት፣ ትቀልጣለች፤ ያው ፖሊፕሮፒሊን ነች፣ የማዳበሪያው እኅት። ዘንቢል ድሮ የዘንባባ ነበር፣ አሁን መርካቶ የሚሸጠው ባለ ቀለሙ ዘንቢል የፕላስቲክ ጥብጣብ ነው። አባቴ በዚሁ ሱቅ ስኳር በጋዜጣ ጠቅልሎ ነበር የሚሸጠው፤ ሾጣጣ አድርጎ ጫፏን ቆልመም። እኔም እጄ ያውቀዋል። ጋዜጣ ግን የታል? የሚታተመው ጥቂት ነው፣ ሰው የሚያነበው ስልክ ላይ ነው።

ጣሊያን_ሰፈር | ሰኞ 4፡22

ዕጣን። ዛፍ ላይ የደረቀ ሙጫ ነው። አለቀ።

ባለሱቁ_አራዳ | ሰኞ 4፡24

በምን መጥቶ? በምን ታሽጎ? ትንንሾቹን ፌስታሎች ሻማ ለኩሼ ጫፋቸውን ያጣበቅኩት እኔ ነኝ።

ጣሊያን_ሰፈር | ሰኞ 4፡25

በፓራፊን ሻማ። ገባኝ። ሄድኩ።

የጉለሌዋ | ሰኞ ከቀኑ 7፡50

እኔ አሸንፌያለሁ። ጤና አዳም።

ባለፈው ዓርብ ለቡና ፈልጌ ሱቅህ መጥቼ ነበር። በርህ ላይ ያለችው።

ባለሱቁ_አራዳ | ሰኞ 8፡05

እኅቴ፣ ትዝ አልሽኝ። ግን እሷ የተተከለችው በምን ውስጥ ነው? በተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን! ያውም አንቺ ጀሪካኑን አውግዘሽ።

የጉለሌዋ | ሰኞ 8፡11

አላወገዝኩም፣ ደግመህ አንብበው። ደግሞ ሥሯን አልሸጥክልኝም። ሁለት ዘለላ በሁለት ጣትህ ቀነጠስክና መዳፌ ላይ አስቀመጥክልኝ። መኪና የለም፣ ከበርህ እስከ እጄ ነው። ፌስታል ልስጥሽ ስትል እኔ ነኝ አይሆንም ያልኩት። በእግሬ መጣሁ፣ በእግሬ ተመለስኩ።

አራት_ኪሎ_ኬሚስት | ሰኞ 8፡14

ዩሪያ ታደርግባታለህ?

ባለሱቁ_አራዳ | ሰኞ 8፡20

የቡና አተላ ነው የምደፋባት።

የድሮ_ፒያሳ | ሰኞ 8፡31

ፍርዱ ለጉለሌዋ።

ጣሊያን_ሰፈር | ሰኞ 8፡33

ተቃውሞ አለኝ። ሕጉ «ሱቄ ውስጥ ያለ ዕቃ» ነው የሚለው። ጤና አዳሟን በስንት ሸጥክላት?

የጉለሌዋ | ሰኞ 8፡36

ሂሳብ አልተቀበለኝም።

ባለሱቁ_አራዳ | ሰኞ 8፡40

ለቡና ጤና አዳም ተሸጦ ያውቃል እንዴ? ተረትቻለሁ፣ ሐሙስ ከሰዓት ነይና ጠጪ። ጠርሙሱን እዚሁ ትተሽ ትሄጃለሽ። ሳጥኑ ፕላስቲክ ነው የምትሉ ካላችሁ ደግሞ አውቄዋለሁ።

ጣሊያን_ሰፈር | ሰኞ 8፡42

ከቆርኪው ውስጥ ያለችዋስ?

ባለሱቁ_አራዳ | ሰኞ 8፡47

አሁን ከፍቼ በጥፍሬ ፋቅኳት። አዎ፣ እሷም። በአንተ ምክንያት ሚሪንዳው ተከፍቷል፣ እኔው ልጠጣው ነው።